ሳይሞት የተበላ ተዝካር

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለደጅይጥኑ ዋሴ፤ አሥመራ።

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ከአንገቴ ሳይሆን ከሆዴ ነው የምጠይቅሽ፤ ሆዴም ባዶ ስለሆነ ሰፊ ቦታ አለው። እኔ ያክስትሽ ልጅ ምንዋጋው ከናፍቆትሽና ከቁንጫ በቀር የሚነክሰኝ ነገር የለም፤ ተመስገን። ቅዱስ ሚካኤል ከፋብሪካው መዘውር ጣቶችሽን ይጠብቅልኝ።

የእጅ ጽሑፌ ቢያምርሽ አትደነቂ። አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ስለተማርሁት፣ ሲደመር አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ማለት ነው። ዳዊቱንም እስከ እኩሌታው ደግሜ ነበር፤ እኩሌታውን የመሪጌታ አርጩሜ አስጣለኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። አባትሽ ሊሞቱ ነው።

አይዞሽ፣ አትጩኺ! አልታመሙም። ትናንት አንድ ፍልጥ ለብቻቸው ተሸክመው ዳገት ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ሊሞቱ ነው ስልሽ፣ ሳይሞቱ ሊሞቱ ነው፤ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ ሲሞት እኔና ወንድሜ ደሞዝ አንተ አውጣ፣ አንተ አውጣ ስንባባል ተዝካሩ ሳይወጣ ቀረ። የአባቴ ነፍስ እስከዛሬ ደጅ እንደቆመች ናት። እኔ ለአባቴ ያላደረግሁትን ልጄ ለኔ ልታደርገው ነው? ያውም አሥመራ ተቀምጣ?»

ለሠርግሽ የታሰቡት ሁለቱ ወይፈኖች ትዝ ይሉሻል? «እነዚህስ ለተዝካሬ ናቸው» ብለው አስቀርተዋቸው፣ ማጫው ፈርሶ፣ አንቺም ሳትሰናበቺ ወደ ኮረም የወረድሽበት ነገር? እኔ አላነሣውም፤ ያለፈ ነገር ማንሣት አልወድም። ብቻ እነዚያ ወይፈኖች ዛሬ ሰንጋ ሆነዋል። ሆዳቸው ሣር ይጠርጋል።

እንግዲህ አባትሽ የሚሹት ይህ ነው፦ የሰው ቁመት የሚያህል ጧፍ፣ ለመግነዝ የሚሆን ነጭ ሸማ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ባለ ዘርፍ ጥላ። «አሥመራ ሁሉ አለ» ብለዋል። እናትሽ እትዬ ወለተ ሚካኤልም ሰላም ብለውሻል።

ሳልረሳው፤ ያለፈውን ደብዳቤሽን ለአባትሽ ሳነብላቸው «ለምንዋጋው አንድ ጠቦት ስጡልኝ» የምትል መስመር ከልቤ ጨምሬ ነበር። ነቁብኝ። ጠቦቱም ቀረ፣ በከዘራም ተመታሁ።

ወንድምሽ ምንዋጋው

አሥመራ፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምንዋጋው።

እግዚአብሔር ጤናና ልብ ይስጥህ፤ ጤናው እንዳለህ ከጽሑፍህ ይታያል። እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼም አሥር ናቸው።

ለአባቴ ጧፍም ጥላም አልልክም። ለሠርጌ ያልተገኘው ለመግነዝ ከእኔ አይገኝም። ይህን እንደተጻፈው አንብብላቸው።

ለእናቴ ግን እኔው ከምሠራበት ፋብሪካ የወጣ ጋቢ ልኬያለሁ። ብርድ ትፈራለች። በራስዋ እጅ አስረክባት፤ ስትለብሰውም ምን እንዳለች ጻፍልኝ።

ደጅይጥኑ

ሰቆጣ፣ ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ደጅይጥኑ፣ የአሥመራ እመቤት።

ሰላምታዬ እንደ ሰቆጣ ገበያ አቧራ ይብዛልሽ። ዝናብ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ሐምሌ ገብቶ እንኳ ሰማዩ እንደ አጎቴ ዋሴ እጅ ጭብጥ ብሎ ቀርቷል።

ጋቢው ደረሰ። እናትሽ አንድ ቅዳሜ ጧት ለበሱት። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለእኔ ብለው ስላልነበር አልጽፈውም። ማታውን አባትሽ ከላያቸው አንሥተው፣ «ይህንስ ያህል ንጹሕ ሸማ ለመግነዝ ነው እንጂ ለጓሮ ነው?» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ምግብ ከፊትሽ ገለል አድርጊ። ለተዝካሩ ተብሎ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ቅቤ አንድ ጋን ሙሉ አለ። ባለፈው ሳምንት «ክዳኑን አንሣልኝ» ብለውኝ አነሣሁ። እታለም፣ ሽታው ገፍትሮ ጣለኝ። ትሉ በላዩ ላይ እንደ ካህናት ወረብ ግራና ቀኝ ይላል። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ስሸሽ፣ አባትሽ ጎንበስ ብለው በደስታ አዩትና «ሲነጠር ይጠራል» አሉ።

ይህም አልበቃ። ሙሾ አውራጇን ጥሩሐረግን አስጠርተው፣ «ስሞት የምትዪውን አሁን ልስማው» ብለው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። እርሷም ምን ታድርግ፣ ጀመረች፦

ደጁ ተከፍቶ ውሎ ሌማቱ ሳይነሣ፣
ዋሴ ከተለየን ወዮልን አበሳ።

«ቸር የሚለው ቃል አልገባም» አሉ አባትሽ። «አስገቢው። ወንድሜ ደሞዝም በስሙ ተነሥቶ በእኔ ይበለጥ።» ጥሩሐረግ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ድረስ አወረደች። ሲያልቅ የሰጧት አንድ ዋንጫ ውኃ ነው፤ ጠላው ለተዝካሩ ነዋ! እኔ ደግሞ አፌን መቼ አውቅበታለሁ፣ ከበሩ ሥር ሆኜ ተቀበልሁ፦

ሞቼ ባየሁ ብሎ ዋሴ ተቀምጧል፣
ሬሳው ጠግቦ ሳለ አልቃሹ ርቦታል።

ጥሩሐረግ ሣቋ አምልጧት ወጣች። እኔም ከዘራ ሳይደርስብኝ ወጣሁ።

እናትሽ ደህና ናቸው።

ወንድምሽ ምንዋጋው

አሥመራ፣ ነሐሴ ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምንዋጋው።

ሰላም ላንተ ይሁን። ትሉን በሦስት መስመር፣ ሙሾውን በስምንት መስመር ጻፍህልኝ። የእናቴን ደህንነት በሦስት ቃል አለፍኸው። ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ወሬ ታበዛለህ፤ ስትፈራ ግን ታሳጥራለህ። አውቅሃለሁ።

እናቴ ምን ትበላለች? ይህን ብቻ መልስልኝ። ቀልዱን አልፈልገውም።

ደጅይጥኑ

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለደጅይጥኑ።

ለመልሱ ሦስት ወር ዘገየሁ። ወረቀት አጥቼ አይደለም። እናትሽ እንዳልጽፍ በሚካኤል አስምለውኝ ነበር፤ «ልጄ በሰው አገር አትሸበር» ብለው። ዛሬ መሐላዬን አፈረስሁ። ኃጢአቱን ንስሐ አባቴ ይወቁት።

ክረምቱ ሳይመጣ ሄደ። የተዘራው ገብስ ጣት ሳያህል ደረቀ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሳማ ቀቅሎ፣ በለስ ልጦ ይውላል። በአባትሽ ግቢ ግን አራት ዓመት የታፈኑ ሦስት የእህል ጉድጓዶች አሉ። አንዱም አልተከፈተም፤ «የተዝካሬ ነው፣ የነፍሴ ነው» ይላሉ። አፋቸው በጭቃ ተመርጎ፣ በየጧቱ አባትሽ ጭረት እንዳለበት ጎንበስ እያሉ ያያሉ። ከጎተራው የቀረችዋን ገብስ ደግሞ ለሁለቱ ሰንጎች ነው የሚሰጧት፤ ስባቸው እንዳይወርድ።

ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አባትሽ ከጋጡ ነበሩ። እትዬ ከማድጋው ሥር ተነሥተው አንድ እፍኝ ቆሎ አወጡልኝ። «ብላ ልጄ፣ ባዶ አፍህን አልሸኝህም» አሉኝ። እኔ ቀልማዳው «እትዬ፣ አጎቴን ሰርቀው ጉድጓዱን ከፈቱት እንዴ? የታል ድርሻዬ!» ብዬ ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። ገብሱ ገለባ የሌለው፣ ታጥቦ የነጣ ነበር። ጣፈጠኝ። «ጨምሩልኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጨመሩልኝ።

በማግሥቱ አህያ ፍለጋ ወደ ወንዙ ስወርድ እናትሽን አየኋቸው። ከፊታቸው የሰንጎቹ እበት ተከምሯል። ወንፊት ላይ አድርገው በውኃ እያጠቡ፣ ሳይፈጭ ከበሬው ሆድ ያለፈውን ገብስ አንድ በአንድ ይለቅማሉ።

ቁጭ ብዬ ጣቴን ከጉሮሮዬ ከተትሁ። ምንም አልወጣም። አድሯል።

እትዬ አዩኝ። «ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። «በሬው ንጹሕ እንስሳ ነው፤ የሚበላውም ንጹሕ ነው።» ከክንዳቸው ላይ የቀረው ቆዳ ነው፤ እንደ አሮጌ እጅጌ ይወዛወዛል።

እስከዛሬ አባትሽን «አንቱ» ስል ኖሬያለሁ። ያቺን ቃል ወንዝ ዳር ጥያታለሁ፤ ከእንግዲህ «አንተ» ነው።  የእጁን ጣቶች ሳይ፣ ያ ቅቤ ይሸተኛል።

ጧፉንም ጥላውንም ተይው፤ ገብስ ላኪ። የምትችዪ ከሆነ እሳቸውን ውሰጃቸው።

ምንዋጋው

አሥመራ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለምንዋጋው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ምሳ ልበላ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሎ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

በነጋዴው በገብረ ኢየሱስ ሁለት ጆንያ ገብስ ልኬያለሁ። ለእናቴ ነው። እርሷም ከእርሱ ጋር ወደ እኔ ትምጣ። እስከ ኮረም በበቅሎ ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አለ። ለምናት።

ለአባቴ ደግሞ ይህን እንደተጻፈው አንብብለት። ከአንድ ፊደል እንዳትጨምር፣ ከአንድ ፊደል እንዳታጎድል፦

«ለአባቴ ለአቶ ዋሴ። እኔ ልጅዎ ደጅይጥኑ በቅዱስ ሚካኤል ስም እምላለሁ። ያርቀውና በሞቱ ጊዜ ተዝካርዎን እኔ አወጣለሁ፤ ከአያቴ የጎደለውንም ጨምሬ አወጣለሁ። የሠርጌን ወይፈኖች ነገር ይቅር ብያለሁ። እርስዎም ዛሬውኑ ጉድጓዱን ከፍተው እናቴን ያብሏት። እርሷ ከሞተች መሐላዬ ፈራሽ ነው።»

ይቅር ብያለሁ ያልሁት እውነት አይደለም። ብቻ ካብላት ይቅር እለዋለሁ።

ደጅይጥኑ

ሰቆጣ፣ ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለደጅይጥኑ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ ብልሽ፣ እዚህ ከማይደርስለት ሰው ጋር ስለምኖር አፌ ይተሳሰርብኛል።

ገብሱ ደርሷል። ገብረ ኢየሱስ ከበቅሎው ላይ እንዳወረደው አባትሽ ደረሰ፤ «ልጄ ለተዝካሬ ላከችልኝ!» ብሎ እልል አስባለ። «ለእናቷ ነው» ብዬ በጆንያው ላይ ተኛሁበት። እንደ ጆንያው ጎትቶ ጣለኝ። ለእናትሽ እንዲሰወርላቸው አንድ ጣሳ ብቻ ቀድሜ አስቀርቼ ነበር፤ ከዚያች ጣሳ ነው እስከዛሬ የሚኖሩት።

ደብዳቤሽን አነበብሁለት። በሚካኤል እምልልሻለሁ፣ እንደተጻፈው።  ጨርሼ ቀና ስል እየሣቀ ነበር። «አንተ ቀልማዳ! ያኔ ጠቦት፣ ዛሬ ደግሞ መሐላ! ይህን ከራስህ ነው ያወጣኸው። ደጅይጥኑ እኔን ይቅር ልትል?» አለኝ።

ያቺ ጠቦት ምን እንዳስከፈለችኝ አየሽ? ይህን ለማለት እንኳ ሣቅ ያምረኛል፤ ደግሞ ራሴ ያስጠላኛል።

ሮጥሁና የነፍስ አባቱን መምሬ ገብረ አማኑኤልን ጠራኋቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ያንብቡለት፤ የእርስዎን ያምናል» አልሁ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ዓይናቸው በመስመሮቹ ላይ ሲሄድ አየሁ፤ «ጉድጓዱን ከፍተው» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ቆመ። ከዚያ ዓይናቸውን አሹ። «ጨለመብኝ ልጄ። ፊደሉ ደቃቅ ነው» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። በበነጋው ከአትሮንሱ ላይ ደቃቁን ስንክሳር ሳይደነቃቀፉ ሲያነቡ ሰማኋቸው። ተዝካሩ ከቀረ የበሬው ብልት ይቀራልና ዓይናቸው ለስንክሳር ይድናል፣ ለደብዳቤ ይታመማል።

እናትሽንም ለመንኋቸው። «ከገብረ ኢየሱስ ጋር ይሂዱ እንጂ! እዚህ ምን ቀረዎት?» አልሁ። «ቈርበን ነው የተጋባነው» አሉኝ። «ከቁርባን በኋላ ሞት ነው የሚለየን። ሳይሞት ጥዬው ብሄድ በወዲያኛው ዓለም ምን ብዬ እቆማለሁ?» «እርስዎ ቀድመው ሊሞቱ ነውኮ!» «ይሁና። ያም ሞት ነው።» 

እውነቱ ስላልሠራ ወደ ሙያዬ ተመለስሁ። ያንኑ ደብዳቤሽን ገልብጬ ይዤ ተመልሼ ሄድሁ። «አጎቴ፣ አንድ ያላነበብሁልህ መስመር አለ» አልሁት። «ደሞዝ ከፃግብጂ ሰው ልኮ ከአሥመራ ጧፍ አስመጥቷል፤ ከዐቢይ ጾም በፊት የራሱን የቁም ተዝካር ሊያወጣ ነው ትላለች።» ሳልጨርስ አመነኝ! ፊቱ አመድ መሰለ። «ለጥር ሃያ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ። «ከእርሱ በፊት! ጉድጓዶቹ ይከፈቱ!»

ያ ቀን እስኪደርስ ጣሳዋ ካልተሟጠጠች፣ እናትሽም ከድሆቹ ጋር ይበላሉ። በገዛ ቤታቸው እንደ ነዳይ። ያቀድሁት ይህን ነው፤ ሌላ አላገኘሁም።

ምንዋጋው

አሥመራ፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ምንዋጋው፣

እናቴ ዛሬ ሳምንቷ ነው። ከመኪናው ስትወርድ አላወቅኋትም። ጸጉሯን ተላጭታለች። ከል ለብሳለች። «አባቴ ሞተ ወይ?» አልኋት። «አዎ» አለች። 

ጮኽሁ። ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥሁ። የፋብሪካ ጓደኞቼ፣ የሰፈሩ ሰው፣ ሁሉ እየመጣ አስተዛዘነኝ። እኔም ለዚያ ሰው፣ ምን ብዬ እንደሆነ ሳላውቅ፣ አለቀስሁ። በአራተኛው ቀን ገብረ ኢየሱስ ሊጠይቀን መጣ። «አባቴ በምን ሞተ?» ብዬ ብጠይቀው በሣቅ ፈነዳ። «ዋሴ? ስሄድ ሥጋ ይቆረጥም ነበር!» አለኝ።

እናቴን ዞሬ አየኋት። ፊቷን አላዞረችም። አጥሚቷን ትጠጣለች።

ምን ጉድ ነው? ሁሉንም ጻፍልኝ። እንደሆነው።

ደጅይጥኑ

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ደጅይጥኑ፤ በአሥመራ ለሚያርፉት ለእትዬ ወለተ ሚካኤልም እጅ ነሥቻለሁ።

እሳቸው እንደማይነግሩሽ አውቄ ነበር። እንደሆነው እነሆ።

ከተዝካሩ በፊት በነበረው ሳምንት ጉድጓዶቹ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ሲከፈት ሽታው ሰፈሩን አስነሣ። እህሉ ጠቁሮ፣ እንደ በሰበሰ ጉበት ተጣብቆ፣ በአካፋ የሚቆረጥ ሆኗል። አባትሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለሰው አልቅሶ የማያውቀው ለገብስ አለቀሰ! ሁለቱ ግን ደህና ነበሩ። በእነርሱ ጠላ ተጠመቀ፣ እንጀራ ተጋገረ። ያ ቅቤም ተነጠረ፤ «ሲነጠር ይጠራል» ያለው ደርሶለት ጠራ፣ ሽታውን ግን ማን ያነጥረው?

እናትሽ በዚያ ሁሉ ቀን ከሚፈጨው አንድ ጣት አልቀመሱም። «ብሉ እንጂ!» ስላቸው «የሙት ነው፣ ሳይባረክ አይነካም» ይሉኛል። እኔ ከጥሩሐረግ ቤት አጥሚት እያመላለስሁ በልመና አስጎነጭ ነበር።

እሑድ ሰዉ ጎረፈ። ከረኀብ የወጣ ሰው ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሳያላምጥ ነው። ከጀርባው የሚጠብቀውን በክንዱ እየገፋ ነው። ቅባቱ እስከ ክርናቸው ይወርዳል፤ ይልሱታል። አባትሽ በመካከሉ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉርሻ ያያል። «ተመስገን በሉ! ስሜን እያነሣችሁ ብሉ!» ይላል። የሚሰማው የለም፤ አፍ ሁሉ ሙሉ ነው። እኔም በላሁ፤ አልዋሽሽም። አጥንት ስግጥ የዚያ ቆሎ ጣዕም መጣብኝ። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አወጣሁት። አንድ ውሻ ተከትሎኝ ነበር፤ የቀረውን አልጽፍም።

ደሞዝ ከፃግብጂ መጣ። በሁለት እጁ ሲበላ አባትሽ «ያንተስ ጧፍ ደረሰልህ?» ቢለው ደሞዝ ምን ያውቃል። «የምን ጧፍ? እኔ ሳልሞት ሞቻለሁ ብዬ ሕዝብ የምጠራ ዕብድ ነኝ?» አለው። አባትሽ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ገባሁ። ደሞዝ ግን አልበቃውም። አጥንቱን እንደያዘ ተነሣና «ለአባታችን አንድ እፍኝ ንፍሮ ሳይወጣለት፣ አንተ ለገዛ ሆድህ ተዝካር አወጣህ! እርሱ ደጅ ቆሟል፤ አንተ ገብተህ ተቀመጥህ!» አለው። «አንተስ? ታላቁ ማን ነበር?» አለ አባትሽ። አንገት ለአንገት ተያያዙ። ሰዉ ተነሥቶ ሊገላግል መስሎሽ? ወጡ እንዳይደፋ ድስቱን ነው ያሸሸው።

በዚህ መካከል እናትሽ ከጓዳ ወጡ።

ተላጭተዋል። አንድ አሮጌ ቀሚሳቸውን ጭቃ ነክረው አጥቁረውታል። ከዳሱ መሀል ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። እንደ ጥሩሐረግ በግጥም አይደለም። በአገውኛ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ። ወንድማማቾቹ ተላቀቁ። የሚበላው ሁሉ እጁን ያዘ። አባትሽስ? ፊቱ በራ! ከዳሱ ሁሉ አንድ ሰው አለቀሰለታ። ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ ጀመር፤ ስሙ ሲነሣ ራሱን ይነቀንቃል።

እናትሽ ጨርሰው ተነሡ። ወደ መምሬ ገብረ አማኑኤል ሄዱ። እኒህ ሰው ጉንጫቸው በሥጋ ተወጥሯል።

«አባቴ፣ የቁርባን ባሌ ዋሴ ሞቷል» አሉ እናትሽ።

«ኧረ ወለተ ሚካኤል፣ እዚህ ነኝ!» አለ አባትሽ።

እሳቸው ዞር ብለው አላዩትም። «ፍትሐቱን እርስዎ ፈቱ። ተዝካሩን ሕዝቡ በላ። ከሞት በቀር የሚለያችሁ የለም ብለው ያቈረቡን እርስዎ ነዎት። ይኸው ሞት ለየን። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። አልሞተም የሚል ካለ ሥጋውን ከአፉ ያውጣና ይናገር።»

 መምሬ አልዋጡም፣ አልተፉም። «አልሞተም» ቢሉ የበሉት ምንድን ነው? «ሞቷል» ቢሉ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።  በመጨረሻ ዋጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

እናትሽ እጅ ነሥተው ወጡ። ያን ሌሊት ጥሩሐረግ ቤት አደሩ፤ ሲነጋ በገብረ ኢየሱስ በቅሎ ተሳፈሩ። እኔ ስንት ዓመት ሰው እያታለልሁ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። በቅሎዋን እየጎተትሁ እስከ ዳገቱ ሸኘኋቸው፤ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

አሁን አባትሽ ብቻውን ነው። ድስቱ ሳይታጠብ ዝንብ ወሮታል፤ የሰንጎቹ ቆዳ ደጅ ላይ ይገማል። የመጨረሻ ደብዳቤሽን አነበብሁለት። «ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥሁ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ክንዴን ያዘኝ። «ስንት ሰው መጣ?» አለኝ። «ስሜን ያነሡ ነበር? ድጋሚ አንብባት!» እጁን ከክንዴ ላይ አላቅቄ የነካኝን ቦታ በአሸዋ አሸሁት።

መልእክቱ ይህ ነው፤ እንደተናገረው ነው የጻፍሁት፦ «ውኃ የሚቀዳልኝ የለም። የሚጋግርልኝም የለም። ነገሩ ቀልድ ነበር፣ ትመለስ በላት።»

ምንዋጋው

አሥመራ፣ መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምንዋጋው።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። አንድ ጆንያ ገብስ በገብረ ኢየሱስ ልኬልሃለሁ። ያንተ ነው፤ ከጥሩሐረግ ጋር ተካፈሉት። ሰቆጣ ገበያ ላይ ተቀበለው፤ ወደዚያ ግቢ አቅጣጫ እንኳ እንዳይሄድ።

ደብዳቤህን ለእናቴ ምሳ ስትበላ አነበብሁላት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ዳሱ፣ መምሬ፣ ደሞዝ የሚለውን ሁሉ ዝም ብላ ሰማች። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ጉርሻዋን ያዝ አደረገች።

«ማን ነው ትመለስ ያለ?» አለችኝ።

«አባቴ።»

«አባትሽማ ሞቷል» አለችኝ። «አንቺም አልቅሰሽለታል።»

ከዚያ ሽሮውን ቀምሳ፣ ጨው አንሶታል አለችኝ።

እኅትህ ደጅይጥኑ